ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲና ላይ የፍሬን ፔዳሉ የሚጠፋው በሸራው አይመስለኝም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ የባህል ጭፈራ ቡድን ነው፣ አልጋ፣ ትንሽ ማድቤትና የውሃ ታንከር የተሰራላት ናፍጣ ሃይሩፍ ሃይስ አለቻቸው፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግጅት ወዳለበት ይሄዱና እዛው መኪናዋ ውስጥ አድረው ይመለሳሉ። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ጣርማ በርን ደህና ወርደው ደብረ ሲና ቆሎ ሊገዙ ቆሙ፣ ሊነሱ ሲሉ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባ። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ሆነ። ጋራዥ የፍሬን ሸራ ሁለቴ ተቀየረ፣ ማስተሩም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ሲሊንደር) ተቀየረ፣ አሁንም ያው ነው። የፍሬን ዘይቱ አይቀንስም፣ የሚያፈስም ነገር የለም።

ወንድሜ፣ ከፃፍከው ሁሉ እኔን የያዘኝ ቆማችሁ ስትነሱ መጥፋቱ ነው። እየወረደች ሳለ ይዛ፣ ከቆመች በኋላ ፔዳሉ ከጠፋ፣ ስትቀዘቅዝ ደግሞ በራሱ ከተመለሰ እኔ ሸራም ማስተርም አልፈታም፣ የምጠረጥረው የፍሬን ዘይቱን ነው። ፈልቷል። እና ከሁሉ በፊት ይሄ ሳይስተካከል ልጆቹን ጭነህ ያን ቁልቁለት እንዳትወርድ፣ ከተስተካከለም በኋላ ቢሆን ከጣርማ በር ዋሻ ጀምሮ ሁለተኛ ማርሽ ነው፣ ፍሪ የሚባል፣ ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ፣ የለም።

ለመለየት ከባድ አይደለም። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው ግን አልቆም ካለ የጋለው ሸራው ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ከነካ መስመሩ ውስጥ አየር ወይ እንፋሎት አለ። ቀዝቃዛ ሆኖ ሞተር አስነስተህ ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ ከሰመጠ ማስተሩ ነው። ያንተ ሁለተኛው ነው።

አሁን ይሄን ነገር ትንሽ ሰፋ አድርጌ ላስረዳህ ምክንያቱም ብዙ መካኒክ ራሱ ይዘለዋል። የፍሬን ዘይት ከሞተር ዘይት ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ ውሃ ይስባል፣ ክዳኑ ቢዘጋም እርጥበቱ በጎማ ቱቦው በኩል ሳይቀር ቀስ እያለ ይገባል። ዶት የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው፣ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፣ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን ደረጃው ራሱ የሚጠብቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የገባበት 155። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር አካባቢ፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወደ ሶስት ቶን የምትጠጋ መኪና በፍሬን ብቻ ይዘህ ስትወርድ ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ የሚገባው ዲስክና ታምቡር ውስጥ ነው፣ ዲስኩ ለሸራው፣ ሸራው ለካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን፣ ፒስተኑ ለዘይቱ ያቀብላል። እየሄድክ ሳለ ንፋስ ያቀዘቅዘዋል፣ ደግሞ እግርህ ፔዳል ላይ ስለሆነ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ዘይቱ እንዳይፈላ ይይዘዋል። ከዛ ትቆማለህ። ንፋሱ ቀረ፣ እግርህን ስታነሳ ግፊቱም ቀረ፣ ዲስኩ ውስጥ የተጠራቀመው ሙቀት ግን ወደ ካሊፐሩ መሄዱን አላቆመም፣ እና ዘይቱ እዛው ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ስለዚህ ስትረግጥ እግርህ እንፋሎቱን ነው የሚጨምቀው፣ ወደ ጎማው የሚሄድ ኃይል የለም። ከፍታውም አያግዝም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ባቄላ ለምን አልበስል እንደሚል እናቶቻችን ያውቁታል፣ የዘይቱ ማጠራቀሚያም ለውጭ አየር ክፍት ስለሆነ ከዚህ አያመልጥም። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ ፔዳሉም ይመለሳል፣ ጋራዥ ስትደርስ ምንም አይገኝባትም። ለዛ ነው ሸራ በከንቱ የተቀየረልህ።

ማስተሩን የቀየሩት ሰዎች ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቀይረውት ቢሆን ኖሮ ይሄ አይመጣም ነበር። የሚደረገውን አውቀዋለሁ፣ አዲስ ማስተር ይታሰራል፣ ከተከፈተ ጄሪካን ላይ ትንሽ ይጨመራል፣ ፔዳሉ ከቆመ በቃ ሂድ ነው። ተከፍቶ ስንት ወር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ዘይት እኮ ገና ሳይገባ ውሃውን ጠጥቶ ጨርሷል። ርካሽ ሸራም እንደዛው፣ መጀመሪያ ደህና ይይዝና አንዴ ሲግል ፊቱ አብረቅርቆ ይቀራል፣ ሁለቴ የገዛህበት ብር አንድ ደህና ሸራ ይገዛ ነበር።

መጀመሪያ የማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈትና እየው። አዲስ ዘይት ነጣ ያለ ቢጫ ነው፣ ያንተ የጀበና ቡና ከመሰለ ጨርሶ ሞቷል። ከዛ በመርፌ ትንሽ ሳብና ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አድርገው። ከውሃው ጋር ከተደባለቀ የፍሬን ዘይት ነው። ከላይ ከተንሳፈፈ አንድ ሰው የመሪ ወይ የሞተር ዘይት ጨምሮበታል ማለት ነው፣ እንደዛ ከሆነ ዘይት መቀየር ብቻ አይበቃም፣ ጎሚኒዎቹ (ዘይቱን የሚይዙት የጎማ ቀለበቶች) በሙሉ ያብጣሉ፣ የማስተሩም የካሊፐሩም የኋላውም፣ ከነጎማ ቱቦው መቀየር አለባቸው። ይሄን አትለፈው።

ቀጥሎ በክሪክ አንስተህ ጎማ በጎማ አሽከርክር። አንዱ ከያዘ ያ ጎማ ቁልቁለት ባይኖርም እየጋለ ነው የሚሄደው። የያዘው የፊት ከሆነ አየር ማውጫዋን ቡሎን ትንሽ ላላ አድርጋት፣ ዘይት ፈንጠር ብሎ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ ከላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቱቦው ውስጡን አብጦ ዘይት አላስመልስ ብሎ ነው። ካልለቀቀ ፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ ተንሸራታች ፒኖች ደርቀዋል። ፒኖቹን አውጣ፣ ዝገቱን ጥረግ፣ የፍሬን ግሪስ ቀባ፣ ተራ ግሪስ አይሆንም፣ ሲግል ይቀልጣል፣ የፒኑን የጎማ ሽፋንም ይበላል። ሸራ የቀየሩልህ ሰዎች ይሄን ነክተውታል ብዬ አላምንም።

ዘይቱን ስትቀይር ያልተከፈተ ዶት 4 ግዛ፣ ከአንድ ሊትር ትንሽ ይበልጣል ብለህ አስብ። ዶት 5 ቢሰጡህ አትቀበል፣ ሲሊኮን ነው፣ ከዚህ ጋር አይስማማም። አሮጌውን ከማጠራቀሚያው ሳብና አዲሱን ሙላ፣ ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ጎማ ጀምር፣ መሪዋ በግራ ከሆነ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። ከኋላ አክስል በላይ በጭነቱ ልክ ፍሬን የምትመጥን ቫልቭ ካለቻት የሷንም አየር አውጣ፣ ማሰሪያዋን ግን ማንም "አስተካከልኩ" ብሎ አጣሞት እንደሆነ እይ። ከፔዳሉ ስር ቁራጭ እንጨት አድርግ፣ ረዳትህ ወለል ድረስ ከረገጠ የማስተሩ ጎሚኒ ሻካራው ቦታ ላይ ሄዶ ይቀደዳል። ማጠራቀሚያው ባዶ እንዳይሆን፣ ጠርሙሱ ውስጥ ንፁህ ቢጫ እስኪመጣ አትቁም። ዘይቱ ቀለም ይልጣል፣ በሯ ላይ ያሳላችሁት ጥለት እንዳይበላሽ የነካውን ቶሎ በውሃ እጠበው። ከዛ በኋላ ለእንዲህ አይነት መንገድ በየአመቱ ክረምት እንደወጣ፣ የጭፈራው ወቅት ሳይጀምር ቀይረው።

ክብደቱንም አስብበት። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው፣ በዛ ላይ ስፒከር፣ ጀነሬተር፣ ከበሮው፣ ልብሱ ፖርቶ መጋላ ላይ። ውሃውን ሸዋ ሮቢት ሂዳችሁ ሙሉት፣ ከላይ ተሸክማችሁ የምትወርዱበት ምክንያት አይታየኝም።

ሾፌራችሁን ደግሞ አስቀምጠህ አናግረው። ነዳጅ ይቆጥባል እየተባለ ፍሪ አድርጎ መልቀቅ ቤተሰብ የጨረሰ ልማድ ነው። በማርሽ ሆነህ እግርህ ከነዳጁ ከተነሳ ፓምፑ የሚሰጠው ኢምንት ነው፣ የሚቆጠብ ነገር የለም። ሞተር ማጥፋትማ ጭራሽ፣ ፍሬን የሚያግዘው ቫኩም አብሮ ይሄዳል። ከዋሻው ስትወጣ፣ ገና ፍጥነት ሳይመጣ፣ ሁለተኛ አስገባ፣ ሞተሩ ቢጮህም ይጩህ። ፍሬን ረገጥ አድርገህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቅ፣ እግርህን ጭነህ ፍሬኑን እያጋልክ አትውረድ። ከለሚ ከተማ ወደ ጀማ ወንዝ ስትወርዱም ያው ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ። ጭጋግ ካለ ከዛም ዝቅ።

ደብረ ሲና ስትቆሙ የእጅ ፍሬኑን በጋለ ታምቡር ላይ አትጎትት፣ ማርሽ አስገብተህ ጎማውን በድንጋይ አስደግፍ፣ ስትነሱ ድንጋዩን ከመንገድ አንሱት፣ ለሌላ ሰው አደጋ ነው። ከመነሳትህ በፊት ፔዳሉን እርገጥና ስማው፣ ከለሰለሰ ልጆቹ ቆሎአቸውን ይብሉ፣ አትነሳም።

ሁሉንም ስትጨርስ ባዶዋን፣ ሰው ሳትጭን፣ አጠር ያለ ቁልቁለት ላይ ሞክራት፣ ወርደህ አስር ደቂቃ አቁምና እርገጥ። አሁንም ከገባ የትኛው ጎማ ይበልጥ እንደጋለና ከየትኛው ጥቁር ዘይት እንደወጣ ፃፍልኝ፣ ከዛ ካሊፐሩን እናየዋለን።