ፀጉር ቤት ለመክፈት ለተነሣችሁ ልጆቼ

ከእናንተ መካከል ምክር ፍለጋ ወደ እኔ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ "ሁለተኛ ቅርንጫፍ መቼ ልክፈት?" ይላሉ። የመጀመሪያው ገና በእግሩ ሳይቆም! እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፤ አምና ከመጡት ደንበኞች ዘንድሮም የሚመጡት ስንቶቹ ናቸው? አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ቆጥረው አያውቁማ።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ አጭር የሚቆረጥ ሰው ከወደዳችሁ በዓመት አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ ይመለሳል። ኪራዩን የሚከፍልላችሁ እሱ ነው። ለዚህም ነው ለእያንዳንዱ ደንበኛ መዝገብ ያዙ እያልሁ የምወተውተው፤ የትኛው ቀለም ተቀባ፣ በምን መጠን ተበጠበጠ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ የራስ ቅሉ ቆዳ ተቆጣ ወይስ ደኅና ነበር። አዲስ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊትም በትንሽ ቆዳ ላይ ሞክራችሁ 48 ሰዓት ጠብቁ። ደንበኛዋ ለሠርግ ቸኩላ ብትቆጣችሁ ትቆጣ። በቋሚ ቀለሞች ውስጥ የሚገኘው ፓራፊኒሊንዳያሚን የሚባለው ንጥረ ነገር አንዳንድ ሰው ላይ ፊት የሚያሳብጥ አለርጂ ያስነሣል፤ ያን ጊዜ የሚወቀሰው ፋብሪካው ሳይሆን እናንተ ናችሁ።

ስለ ሠራተኛ ብዙ አልልም። ደንበኛ የሚከተለው እጅን ነው፤ ጎበዝ ሠሪ ስትለቅ ደንበኞቿ አብረዋት ይሄዳሉ። "ከዳችኝ" ብሎ ከማማረር ድርሻዋን በጊዜው መክፈል ይሻላል። ቅርንጫፍ የሚከፈተውም እናንተ በሌላችሁበት ቤቱን የሚመራ ሰው ስታገኙ እንጂ ገንዘብ ስለተጠራቀመ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ፤ ፀጉር ቤታችሁ ለሰፈሩ ሕዝብ ስለሚያደርገው በጎ ነገር ነው። ማዳም ሲ ጄ ዎከር እ.ኤ.አ. በ1867 በአሜሪካ ሉዊዚያና ከባርነት ነፃ ከወጡ ወላጆች ተወለደች። ልብስ አጣቢ ነበረች፤ ኋላ የፀጉር ቅባት እየሠራች፣ ሴቶችን እያሠለጠነች ትልቅ ድርጅት አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1917 ወኪሎቿን በፊላዴልፊያ በሰበሰበችበት ጉባኤ ሽልማት የሰጠችው ብዙ ለሸጡት ብቻ አልነበረም፤ ለየአካባቢያቸው ሕዝብ ብዙ ለረዱትም ጭምር ነበር። ደግነት ብቻ አይመስለኝም። በሰፈሯ የታመነች ሴት የምታቀርበው ዕቃ እንደሚታመን ያወቀች ነጋዴ ውሳኔ ነው።

ዛሬ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል ብዙዎቻችሁ የምታስቡት በዓመት አንድ ቀን ወጥቶ ስጦታ ማደልና ፎቶግራፍ መነሣት ነው። እኔ ይህን አልወደውም። የተቸገረን ልጅ ፊት ለማስታወቂያ ከማዋል ምንም አለመስጠት የተሻለ ነው። ደግሞም ሙያችሁ ሌላው የሌለውን ዕድል ሰጥቷችኋል፤ ሰው ሳይቸኩል ይቀመጥላችኋል፣ ራሱን ያስነካችኋል፣ ያወራችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት በሎስ አንጀለስ በ52 የወንዶች ፀጉር ቤቶች የሚስተናገዱ 319 ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው ጥቁር ወንዶችን ተከታተለ። በአንደኛው ወገን ፀጉር አስተካካዮቹ ደንበኞቻቸውን አኗኗራቸውን እንዲያስተካክሉና ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ መከሩ። በሌላው ወገን ግን ፋርማሲስት ራሱ ፀጉር ቤቱ ድረስ መጥቶ ግፊታቸውን እየለካ መድኃኒት አዘዘ። ከ6 ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ በ9 ገደማ ሲቀንስ፣ የሁለተኛዎቹ በ27 ቀነሰ። እኔ የወሰድሁት ትምህርት፦ እናንተ ሐኪም አትሁኑ፤ ሐኪሙ የሚገባበትን በር ክፈቱ።

የአሜሪካዋ ኢሊኖይ ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የውበት ባለሙያዎች በቤት ውስጥ ጥቃት የደረሰበትን ሰው ምልክት ስለማወቅ አጭር ሥልጠና እንዲወስዱ ደንግጓል። ሕጉ ያዩትን እንዲያመለክቱ አያስገድዳቸውም። ልክ ነው እላለሁ። የተደበደበች ሴት ከሰውነቷ ላይ ያያችሁትን ነገር ሳታማክሯት ብታወጡት ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃትን አታውቁም። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቋት፤ የሚረዷትን ሰዎች ስልክ ስጧት፤ ከዚያ በራሷ ጊዜ ትወስን። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአንዷን ወሬ ለሌላዋ አታቀብሉ! በዚህ የታማ ቤት የደረሰባትን የምትነግረው ሴት አያገኝም።

በእጃችሁ ያለውንም አትርሱ። በጣም ጠብቆ የሚሠራ ሹሩባ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ያለውን ፀጉር ያሳሳል። በጊዜ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል፤ ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ይጠፋና አይበቅልም። የሕፃን ልጅ ፀጉር ጠበቅ አድርጉልኝ የምትል እናት ስትመጣ ይህን ንገሯት፤ ያንን ቀን ገቢ ብታጡም። ኬሞቴራፒ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት የጀመረች ደንበኛ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ መርገፍ ይጀምራል። እሷን ሰው በሞላበት ሰዓት አታስቀምጧት፤ ቤቱ ሲዘጋ ቅጠሯት፣ ፀጉሯን በቀስታ አሳጥሩላት፣ ዊግም ከፈለገች በፊቷ ቅርጽ ልክ አስተካክሉላት። ሒሳብ ተቀበሉም አልተቀበላችሁም የእናንተ ውሳኔ ነው፤ እኔ ግን ባትቀበሉ እመርጣለሁ።

ሁሉንም በአንድ ዓመት አትጀምሩት። በአቅራቢያችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግራችሁ በወር አንድ ቀን የግፊት መለኪያ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አግኙ፤ አንድ ወንበርና ጥግ ስጡት። ቀኑ ግን ቅዳሜ አይሁን፤ ቅዳሜ ለራሳችሁም መቆሚያ አታገኙም።