መልስ፦ ለልጄ «ካሳ» የሚለው ስም ይከብደው ይሆን?

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከእሱ በፊት ልጅ ስለሞተብሽ አያቱ «ካሳ ይባል» ማለታቸው ስሙ የሐዘን ስም ሆኖ እንዳይከተለው አሳስቦሽ ጠይቀሻል። እኔ ግን የመጽናናት ስም ነው እላለሁ። ካሳ ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ነገር የሚሰጥ ምትክ ነው፤ በፍርድ ቤትም በኢንሹራንስም የምንሰማው ይኸው ቃል ነው። ልጅ ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ የሞተበት ቤተሰብ ቀጥሎ የተወለደውን እግዚአብሔር እንደ ካሰው ቆጥሮ ያወጣለታል። ምትኩና ማስረሻም ከዚሁ ስሜት የተወለዱ ናቸው፤ ካሳሁን፣ ካሳዬ፣ ለሴት ደግሞ ካሳነሽ አሉ። በትግርኛም ካሕሳይ ይባላል።

በታሪካችን ደግሞ ትልቅ ክብር ያለው ስም ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ እስኪጭኑ ድረስ ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ «መይሳው ካሳ» እየተባሉ ዛሬም ይወደሳሉ። በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ የነገሡት አፄ ዮሐንስ 4ኛም ቀድሞ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ ይባሉ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሰሜን ግንባር የዘመቱት የሰላሌው ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉም አሉ። (ስማቸው ከቴዎድሮስ ጋር አንድ ስለሆነ ብዙ ሰው ያምታታዋል።)

በእኔ በኩል፣ ሁለት ፊደል ብቻ ሆኖ ይህን ያህል የሚሸከም ስም ጥቂት ነው። ስጋትሽ ሟቹን ልጅ እንዳያስታውስሽ ከሆነ ግን ካሳሁን ብትይው ምርቃቱ ይጎላል፤ ለአያቱም ደስታቸው አይጎድልም።