ጋራዥ ልትከፍቱ ላሰባችሁ ልጆች

ልጆቼ፣

ከእናንተ ውስጥ ሞተር አውርዶ የሚገጥም አለ። ካምቢዮ ሲበተን አንዴ አይቶ በማግስቱ ብቻውን የሚገጥምም አለ። በሰው ጋራዥ ተቀጥራችሁ «ይሄን ሁሉ ደንበኛ የማመጣው እኔ፤ የራሴን ለምን አልከፍትም?» የምትሉበት ቀን ደርሷል ወይም ሊደርስ ነው። እኔም እንዲሁ ብዬ ነው የወጣሁት። እጄ ጥሩ ነበር። ለመኩራራት አይደለም የምነግራችሁ፤ ሊያከስረኝ የደረሰው እሱ ስለሆነ ነው።

እጁ ጥሩ የሆነ መካኒክ ቁልፍ ሲይዝ ብቻ የሠራ ይመስለዋል። ቁልፉን አስቀምጦ ሲያስብ፣ ቴስተር ይዞ ገመድ ሲከተል፣ ጆሮውን አቅንቶ ሲያዳምጥ ሥራ ፈቶ የቆመ ይመስለዋል። ደንበኛውም እንደዚያው ያስባል። እናም የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ብልሽት በነጻ እየፈለግኩ፣ ገንዘብ የምጠይቀው ዕቃ ስቀይር ብቻ ነበር። ይሄ ወዴት እንደሚወስድ ተመልከቱ፦ ፍለጋው ነጻ ሲሆን ታሳጥሩታላችሁ፣ ሲያጥር በግምት ትቀይራላችሁ፣ በግምት የቀየራችሁት ዕቃ ደግሞ መኪናውን ይዞት ይመለሳል።

አንድ መኪና አለች የማልረሳት። ባለቤቱ ለሥራ ወጣ ሲል አራት አምስት ቀን ያቆማታል፤ ሲመለስ ባትሪዋ ሞቶ ይጠብቀዋል። ባትሪው አርጅቷል ብዬ ቀየርኩለት። ተመለሰ። ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው አልኩ። ሞተሩ እየሠራ ቴስተሩ 14.2 ቮልት እያሳየኝ ነው እኮ! ጤነኛ ዲናሞ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ይሰጣል፤ ቁጥሩ ዓይኔ ሥር ሆኖ «እኔ አይደለሁም» እያለኝ ነበር። ግን ዕቃ ካልቀየርኩ ምን ብዬ ላስከፍል? ቀየርኩት። ተመለሰ። በሦስተኛው ሰውዬው አልጮኸም። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «ዛሬስ ምን ልትቀይር ነው?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ማምሻውን በሩን ዘጋሁና የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትቼ አምፔር መለኪያውን መሀል አስገባሁ። መኪና ተቆልፎ ኮምፒውተሮቹ ከተኙ በኋላ የሚስበው ከ50 ሚሊ አምፔር ባይበልጥ ነው ደጉ፤ አንዳንዱ እስኪተኛ ግማሽ ሰዓት ይፈልጋልና አትቸኩሉ። ያቺ መኪና 450 ትስባለች። ፊውዝ በፊውዝ እየነቀልኩ የውስጥ መብራቶቹ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ወረደ። የጣሪያው መብራት ጠፍቷል፣ የበሮቹም ጠፍተዋል። የቀረው የኋላ ኮፈን ውስጥ ያለው ነው። እሱን ደግሞ ከፍቶ ማየት አይቻልም፣ ሲከፈትማ ሊበራ ነው የተሠራው። ዛሬ ቢሆን ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ትዘጉበት ነበር። እኔ ግን ከልጆቹ ቀጭኑን አስገብቼ ከደንኩበት። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ቀን ነው!» አለኝ ከውስጥ። አምስት ዋት አምፖል ናት። በ12 ቮልት 0.4 አምፔር ገደማ ትበላለች፤ 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ አዲስ ባትሪ በስድስት ቀን ገደማ ታሟጥጣለች፣ ሞተር የሚያስነሳው ጉልበት ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ጥፋቱ የጎበጠች ማጥፊያ ነበረች። በጣት ተቃናች።

ለዲናሞው የተቀበልኩትን መለስኩለት። ባትሪው በእርግጥም ያረጀ ነበርና እሱን አልመለስኩም (ባለቤቴ እስከ ዛሬ «መመለስ ነበረብህ» ትለኛለች)። ከዚያ ወዲህ ግን ማንም መኪና ይዞ ሲመጣ ቁልፍ ከማንሳቴ በፊት እንዲህ እላለሁ፦ «ብልሽቱን ለማግኘት እስከ አንድ ሰዓት ልወስድ እችላለሁ፤ የሰዓቱ ዋጋ ይሄን ያህል ነው። ሳገኘው የጥገናውን ዋጋ እነግርዎታለሁ፤ ይሠራ አይሠራ የሚሉት እርስዎ ነዎት።» መጀመሪያ ላይ አፌ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንዳንዱ ትቶኝ ሄደ። የቀሩት ግን የሚከራከሩ ደንበኞች አልነበሩም።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነበው ስካነር ይህን ፍለጋ የሚያስቀር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ኦቢዲ ቱ የተባለው፣ መኪናው ብልሽቱን በኮድ የሚናገርበት አሠራር ግዴታ ሆነ፤ አንድ ዓይነት መሰኪያ፣ አንድ ዓይነት የኮድ አጻጻፍ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱ መሰኪያና የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ትልቅ እፎይታ ነው። ኮድ ግን ቅሬታ እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ 0171 ቢያወጣላችሁ የሚላችሁ «ከቤንዚኑ አየሩ በዝቷል» ነው። ጭሱን እየለካ የሚናገረውን ኦክስጅን ሴንሰር ቀይሩ አላላችሁም። ሴንሰሩ ምናልባት እውነቱን እየመሰከረ ነው፤ የተሰነጠቀች የአየር ቱቦ ወይም የደከመ የፓምፕ ግፊት ይሆናል ጥፋተኛው። ምስክሩን አስራችሁ ሌባውን አትልቀቁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጋራዥ የሚሸጠው ሰዓት ነው። ሰዓት ደግሞ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ ዛሬ ያልተሸጠው ነገ የለም። ሦስት መካኒክ፣ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 22 ቀን ቢሠሩ 528 ሰዓት ነው። እኔ የወር ወጪዬን በሙሉ፣ ኪራዩንም መብራቱንም ደመወዙንም፣ ለ528 አካፍዬ ትንሽ ትርፍ እጨምርና «የሰዓቴ ዋጋ ይሄ ነው» እል ነበር። በኋላ መዝግቤ ሳየው ግን ደንበኛ የከፈለባቸው ሰዓቶች ከመቶ ስልሳ ገደማ ብቻ ናቸው፤ ይህም 317 ሰዓት መሆኑ ነው። የቀረው ዕቃ በመጠበቅ፣ መኪና በማስገባትና በማስወጣት፣ የጠፋ የአሥር ቁጥር ቁልፍ በመፈለግ ያልፋል (የአሥር ቁጥር ቁልፍ ለምን እንደሚጠፋ ግን ሳይገባኝ መሞቴ ነው)። ወጪያችሁን ማካፈል ያለባችሁ ለተሸጠው ሰዓት ነው፣ ሠራተኛ ለዋለበት አይደለም። ሁሌ ሥራ እየበዛልኝ ሁሌ ኪሴ ባዶ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። በ100 የገዛችሁትን በ130 ስትሸጡ «ከመቶ ሠላሳ አተረፍኩ» ትላላችሁ። ከሽያጩ ስታዩት 23 ብቻ ነው፤ ኪራዩም፣ በዋስትና በነጻ የምትቀይሩትም፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣውም ከዚያች 23 ነው የሚወጣው። ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይት አስቀምጡ። ሌላውን መኪናው ሲመጣ እዘዙ። ደንበኛ ራሱ ገዝቶ ያመጣውን ዕቃ እኔ እገጥማለሁ፣ ግን ለእጄ እንጂ ለዕቃው ዋስ አልሆንም፤ ይህንንም ከመግጠሜ በፊት ጽፌ አስፈርማለሁ።

ጽፌ ስላልኩ፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። እኔ ሞኝነቱ ነበረኝ፣ ወረቀቱ ነው ያልነበረኝ። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ወረቀት ይኑራችሁ። ደንበኛው ያለውን በራሱ አነጋገር ጻፉት፤ «የፊት እግሩ ተበላሽቷል» አትበሉ፣ «ጠዋት ጠዋት ወደ ግራ ሳዞር ይንኳኳል» ብሎ ከሆነ እንደዚያው። ኪሎሜትሩን፣ ሲገባ የነበረበትን ጭረት፣ የለካችሁትን ቁጥር፣ ማን እንደሠራው፣ ደንበኛው በስንት ሰዓት «ይሠራ» እንዳለ ጻፉ። ከሁሉ በላይ ተመልሶ የመጣ መኪና ሁሉ ለብቻው መዝገብ ይኑረው። እኔ ስድስት ወር ሙሉ ይህን መዝገብ ከያዝኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ሳነበው፣ የተመለሰው መኪና አብዛኛው የወጣው ዓርብ ከሰዓት ነው። ችሎታ ጎድሎን አይደለም። ለቅዳሜና እሑድ መኪናዬን ስጡኝ የሚለው ሰው ሲበዛ እየተጣደፍን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው ነው። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ከቀትር በኋላ ከባድ ሥራ አላስጨርስም።

ስለ አንድ ዓርብ ልንገራችሁ። የፊት ፍሬን ሸራ ቀይሬ ጎማውን እየመለስኩ ስልክ ተጠራሁ። አምስት ብሎን ነው ያለው፤ ሁለቱን አጥብቄ ሦስቱን በእጅ ብቻ አስይዤ ነበር። ስልኩን ጨርሼ ስመለስ ልጁ መኪናውን ከሊፍት አውርዶ አስረክቧል፤ ጋሼ የነካው አልቋል ብሎ። ሴትየዋ ጥቂት ኪሎሜትር ሄዳ መሪው ሲንቀጠቀጥባት ዳር ይዛ ደወለችልኝ። ስደርስ ሁለት ብሎን ጠፍቷል፣ አንዱ በጣት ይዞራል። ልጆች የኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ቆሜ መናገር ስላቃተኝ አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ጋራዤ ውስጥ የጎማ ብሎን የጀመረ ሰው ስልክ ቢጠራ፣ እሳት ቢነሳ እንኳ ሳይጨርስ አይሄድም፤ ከተቋረጠ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ፣ በቶርክ ሬንች፣ በፋብሪካው ልክ ይጠብቃል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ፈትሾ በቀለም ምልክት ያደርግበታል። ደንበኛውም ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳ በኋላ ተመልሶ በነጻ እንዲያስፈትሽ ወረቀቱ ላይ ይጻፍለታል።

መኪና ሊፍት ላይ ሲወጣ የመጣበትን ብቻ አይታችሁ አታውርዱት። ያያችሁትን ሁሉ ንገሩ፤ አሁኑኑ የሚሠራውን፣ ወራት የሚቆየውን፣ ዝም ብሎ የሚጠበቀውን ለይታችሁ። ይሄ ማታለል የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ዝም ማለት ነው ማታለል። የፍሬን ዘይት ውሰዱ። መጠኑ ሙሉ ስለሆነ ደህና ይመስላል። ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ሲኖርበት፣ ውሃ ከገባበት በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። ይህን ለደንበኛ በሁለት ደቂቃ አስረዱትና ተዉት። ዛሬ ባያሠራ የነገራችሁት ወረቀቱ ላይ አለ።

ስለ ማደግ ብዙ ጊዜ ትጠይቁኛላችሁ፤ ሁለተኛ ጋራዥ መቼ ልክፈት ትላላችሁ። እኔ ከፍቼ በ14 ወሩ ዘግቻለሁ። ዋጋው በእኔ ጭንቅላት፣ የደንበኛው ታሪክ በእኔ ጭንቅላት፣ የትኛው አስመጪ ጥሩ ኩሺኔታ እንደሚያመጣም በእኔ ጭንቅላት ነበር። ጭንቅላት ደግሞ ሁለት ቦታ አይውልም። ሁለት ሳምንት ከሥራ ቀርታችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያው ጋራዥ ገቢው ካልቀነሰ፣ ያን ጊዜ ስለ ሁለተኛው እናወራለን። ከዚያ በፊት የሚያሳድጋችሁ ሌላ ሊፍት አይደለም፤ ስልክ የሚያነሳና ከደንበኛ ጋር የሚነጋገር ሰው ነው። እኔ እሱን ሰው የቀጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ «የማይሠራ ሰው ደመወዝ» ይመስለኝ ስለነበር። መካኒኮቹ ከሞተር ሥር እየወጡ ስልክ ማንሳታቸው ሲቀር ያ ደመወዝ በወሩ ራሱን ከፈለ።

ልጅ ስትቀጥሩ የምትፈትኑት ሞተር በማስፈታት አይሁን። የተበላሸ መኪና ስጡትና ቁልፍ ሳያነሳ አሥር ደቂቃ ይይ። ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደለካ፣ «አላውቅም» ማለት ይችል እንደሆነ ተመልከቱ። መፍታት በዓመት ይለመዳል።

ኤሌክትሪክ መኪና ሥራችንን ይበላዋል እያላችሁ የምትጨነቁ አላችሁ። የሞተር ዘይትና ካንዴላ አዎ፣ ይቀራል። የፍሬን ሸራውም ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ። ግን ጎማ አለው፣ መሪ አለው፣ ኩሺኔታ አለው፣ የፍሬን ዘይት አለው፤ ያቺው 12 ቮልት ባትሪም ብዙዎቹ ላይ አለች፣ እሷ ስትሞት ደግሞ መኪናው በሙሉ አይነሳም። አዲሱ ነገር ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ናቸው። ብዙዎቹ 400 ቮልት አካባቢ ይይዛሉ፣ 800 የሚደርስም አለ። እነሱን ሳይማሩ የነካ ስህተቱን የሚያርምበት ሁለተኛ ዕድል ላያገኝ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንደዚህ ዓይነት መኪና ገባ። አሁን ሥራውን የምትመራው ከአሥር ዓመት በፊት መጥረጊያ ይዛ የጀመረች ልጅ ናት። እኔም እንደ ልማዴ ኮፈኑ ሥር እጄን ልሰድ ስል «ጋሼ፣ እጅዎን ያንሱ!» ብላ ጮኸችብኝ። የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚቆርጠውን ማቋረጫ ነቅላ ኪሷ ከተተችው፣ ማንም መልሶ እንዳይሰካው። ከዚያ ፋብሪካው ያዘዘውን አሥር ደቂቃ አስጠበቀችኝ፤ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ። የጎማ ጓንቷን አጥልቃ ለካች፤ ዜሮ። ወደ ሥራው ሳትገባ ወረቀቱን ሳበችና «ፍለጋ፦ 50 ደቂቃ» ብላ ጻፈች። አርባ አይደል ወይ አልኳት። ቀና ሳትል «የጠበቅነውስ?» አለችኝ።