«የጎጃም ጂኦግራፊ ተራራማ ነው» ይባላል?

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የማስተምር መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ «የጎጃም ጂኦግራፊ ተራራማ ነው» ብለው ይጽፋሉ። እኔ «መልክዓ ምድር በሉ» እላቸዋለሁ። አንድ ባልደረባዬ ግን ሁለቱ አንድ ናቸው ባይ ነው። ማናችን ልክ ነን? ሥነ ምድርስ የት ይገባል?

መልስ፦ እርስዎ ልክ ነዎት። ባልደረባዎም ዝም ብለው አልተናገሩም፤ «መልክዓ ምድር» ለትምህርቱም መጠሪያ ሆኖ አገልግሏል። ቢሆንም በጽሑፍ መለየቱ ይበጃል። መልክዓ ምድር በዓይን የምናየው ነው፤ ጮቄ ተራራ፣ የአባይ ሸለቆ፣ የጣና ዳርቻ። ጂኦግራፊ ግን ጥናቱ ነው። ጥናት ተራራማ አይሆንም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለቱን ስናደባልቅ ልጆች ጂኦግራፊ ማለት የተራራና የወንዝ ስም መሸምደድ ይመስላቸዋል። ትምህርቱ ሁለት ዋና ዘርፎች አሉት። አባይን እንውሰድ። ተፈጥሯዊ ጂኦግራፊ ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ለምን እንደሚዞር ይጠይቃል። ደጀን ላይ ጋቢ ያስለበሰው ብርድ ሸለቆው ውስጥ ሲወርዱ ለምን ወደ ሐሩር እንደሚለወጥም ያስረዳል። ሁለተኛው ዘርፍ እዚያው ቆሞ ስለ ሰው ይጠይቃል። ሕዝቡ ለምን ደጋውና ወይና ደጋው ላይ ተጠጋግቶ ሰፈረ? ድልድይ ባልነበረበት ዘመን፣ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ነጋዴው ምን ያደርግ ነበር? ይህን ዘርፍ «ሰብዓዊ ጂኦግራፊ» የሚሉት አሉ። ቃሉ ግን ዛሬ እርዳታን ስለሚያስታውስ «የሰው ልጅ ጂኦግራፊ» ቢባል እመርጣለሁ። የካርታ ሥራና ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር የሚያደራጅና የሚተነትን ሥርዓት) ሁለቱንም ያገለግላሉ።

ደግሞ ገበሬው ሁለቱን ዘርፎች በአንድ ቃል ሲያስተሳስር ኖሯል። «ደጋ» ሲል ብርዱን ብቻ አይደለም፤ ገብሱንና ድንቹንም ጭምር ነው። «ወይና ደጋ» ሲል ጤፉ አለበት፣ «ቆላ» ሲል ማሽላው። ትምህርቱን ከእነዚህ ቃላት ቢጀምሩት ደስ ይለኛል።

ሥነ ምድር ጂኦሎጂ ነው፤ ራሱን የቻለ ሙያ። የአባይን ሸለቆ ሲወርዱ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋይ፣ ከታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ያገኛሉ። ያን አደራደር የሚያጠናው እሱ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎችዎ «መልክዓ ምድሩ ተራራማ ነው» ይበሉ። «የጎጃም» ከሚሉ ግን «የጮቄ አካባቢ» ቢሉ ይሻላል። ከባሕር ዳር እስከ መራዊ ያለው ሜዳም ጎጃም ነው።