ከከተማው ዳር ሆነን ስለ ጥበብ እናውራ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ከአማተር የትያትር ክበቦች ጋር እሠራለሁ፤ ሥዕልና ሙዚቃም ካለበት አልጠፋም። ከአዲስ አበባ ዳር ያላችሁ ስለ ጥበቡ ነገር የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። እነሆ መልሱ።

ከኮዬ ፈጬ፦ ትያትር እወዳለሁ። ግን ብሔራዊ ድረስ ሄዶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ብተወው ይሻላል?

እህቴ፣ እባክሽ አትተዪው። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም ሲመሠረት፣ ብሔራዊ ቴአትርም በ1948 ዓ.ም ሲከፈት ከተማው እዚያው መሃል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰዉ ወደ ዳር ወጣ፣ ኮንዶሚኒየም ተሠራለት። አዳራሹ ግን አብሮት አልወጣም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ተሰጥዖ ሞልቶናል፤ የጎደለን መድረክ ነው። ለጊዜው ከሰዓት የሚጀምረውን ትያትር ምረጪ፣ ሳይመሽ ትመለሻለሽ። ጎረቤት አስተባብራችሁ ሚኒባስ ኮንትራት ብትይዙ ደግሞ ወጪውም ድካሙም ይቀላል።

ከየካ አባዶ፦ ትያትር የምንለማመድ ወጣቶች ነን። ቦታ አጣን።

የኮንዶሚኒየማችሁን የጋራ መገልገያ ቤት፣ ኮሚናሉን ጠይቁ። ለሠርግ፣ ለሐዘንና ለዕርድ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በአዘቦት ቀን ግን ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። እኛ ሰፈር ያሉት ልጆች እዚያ ነው የሚለማመዱት። የእድሩ ድንኳንና ወንበር አንድ ጥግ ተከምሯል። ትልልቆቹ ብረት ድስቶች ግድግዳ ተደግፈዋል። ልጆቹ በቀረው ወለል ላይ በጠመኔ መድረክ ያሰምራሉ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ የምትገባው በማብሰያው በር ነው። ቤቱ ድምፅ ያስተጋባል። ስለዚህ ቃል ሳይውጡ፣ ረጋ ብለው መናገርን ግድ ለመዱ። ዛሬ የትኛውም አዳራሽ ቢገቡ ያለ ማይክ ይሰማሉ።

የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ስታናግሩ በቃል ብቻ አትቅሩ፤ ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ስጡ። ለቁልፉ አንድ ተጠሪ ይኑራችሁ። ለቅሶ ከመጣ ያለ ክርክር ልቀቁ። የመጀመሪያውን ትርኢት ለነዋሪው በነጻ አሳዩ። ልጁን መድረክ ላይ ያየ ወላጅ ለሚቀጥለው ራሱ ይሟገትላችኋል።

ከጀሞ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ደብተሩን ሁሉ በሥዕል ጨረሰው። ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል?

እናቴ፣ ቶሎ ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም። ግን አይከልክሉት። በ2016 ዓ.ም ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ፣ በዓለም አቀፉ የጥበብ ትርኢት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ፓቪሊዮን (ማሳያ ቤት) ስትቀርብ ሥራዎቹን ያሳየው ሠዓሊው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው። ኤልያስ ስሜ ደግሞ ከተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና ከኮምፒውተር ዕቃ ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቶ ዓለም አውቆታል። ሁለቱም የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዘው መካኒሳ ይሂዱ። ለእናንተ ቅርብ ነው። ኤልያስ ከዐውደ ርዕይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመው ዞማ ቤተ መዘክር እዚያ ነው፤ በ2011 ዓ.ም ተከፍቷል። ቤቶቹ በጭቃና በጭድ የተሠሩ ናቸው፤ ግድግዳቸው ላይ በእጅ የተቀረጸ ጠመዝማዛ መስመር አለ። የእኛው የጭቃ ቤት ጥበብ ነው። ልጅዎ ውድ ቀለም ባይኖረውም መጀመር እንደሚችል እዚያ በዓይኑ ያየዋል።

ከሰበታ፦ ለአማርኛ ፊልም ሲኒማ ቤት ይሰለፉ የነበሩ ሰዎች የት ገቡ?

ቤታቸው። በ1990ዎቹ ዲጂታል ካሜራ መጣና ፊልም መሥራት ረከሰ፤ ሰልፉ የዚያ ውጤት ነው። በ2008 ዓ.ም ቃና ቴሌቪዥን ትርጉም ድራማዎችን ይዞ ሳሎን ገባ። ዩቲዩብ ተከተለ። በእኔ እምነት ግን ታሪኩም ተደጋግሞ ተመልካቹን አሰልችቷል። ሁሉንም በቴሌቪዥን ማላከክ ተገቢ አይደለም።

ከቃሊቲ፦ ፈንድቃ ተዘጋ እንዴ?

ካዛንቺስ የነበረው የባህል ማዕከሉ ቤት በልማቱ ተነስቷል። እስክስታና የአዝማሪ ሙዚቃ ወዳዶች ብዙ ትዝታ የነበረን ቦታ ነው፤ በጣም አዝኛለሁ። መሥራቹ ተወዛዋዥ መላኩ በላይና ጓደኞቹ ያለሙት ነገር ግን ከግድግዳው ይበልጣል።

ከለገጣፎ፦ የድሮ ዘፈኖችን እየዘፈንኩ ዩቲዩብ ላይ እለቃለሁ። ችግር አለው?

አለው ወንድሜ። አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግጥምና ዜማን ይጠብቃል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይዘልቃል። ዘፈኑ በካሴት ዘመን የወጣ ስለሆነ የማንም አይደለም ማለት አይደለም። በአዋጅ 872/2007 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ለሮያሊቲ፣ ማለትም ሰው በሥራው ሲጠቀም ለባለቤቱ ለሚከፈለው ገንዘብ፣ አሰባሰብ መንገድ ከፍቷል።

ስለዚህ የግጥሙን ደራሲና የዜማውን ባለቤት ፈልግ፤ ካረፉም ወራሾቻቸውን። ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበል። የካሴቱን ቅጂ ራሱን ከተጠቀምክ ደግሞ የአሳታሚው ፈቃድም ያስፈልግሃል። ቪዲዮው ሥር ግጥም የማን፣ ዜማ የማን እንደሆነ ጻፍ፤ ስማቸውን መጻፍህ ግን ፈቃዱን አይተካም። ብዙዎቹ ባለሙያዎች በስተእርጅና ተቸግረው አይተናል። የሚደርሳቸው ጥቂት ብር ቢሆንም የእነሱ ነው።

ከአያት፦ ለልጆች መጽሐፍ የምናነብበት ቦታ ጠቁመን።

አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በ2014 ዓ.ም የተከፈተው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ። ለሰፈር ግን ኮሚናሉን አሁንም አስቡት፤ አንድ መደርደሪያና እያንዳንዱ ቤት የሚያዋጣው አንድ መጽሐፍ ይበቃል ለመጀመሪያ።