ፕሮጀክቱን ከሚገመግምልን አማካሪ ጋር እንዴት እንዋዋል?

ጥያቄ፦

አዳማ ውስጥ የዱቄት ፋብሪካ ያለን አምስት ሸሪኮች ነን፤ ሥራ አስኪያጇ እኔ ነኝ። መብራት እየጠፋ ሥራ ስለሚያስፈታን፣ የታሪፉም ጭማሪ ስላሳሰበን መላ ስንፈልግ አንድ አቅራቢ 300 ኪሎዋት ሶላርና አንድ 100 ኪሎዋት የነፋስ ተርባይን ልትከልላችሁ ብሎ 40 ሚሊዮን ብር ገደማ የሚፈጅ ሐሳብ አቀረበልን። ከመወሰናችን በፊት ገለልተኛ ሰው ይገምግመው ስንል አቅራቢው ራሱ አንድ አማካሪ አገናኘን። አማካሪው በላከልን ረቂቅ ውል ክፍያው 600,000 ብር ነው፤ ግማሹ በቅድሚያ ይከፈላል። ፕሮጀክቱ ከተተገበረ ደግሞ የፕሮጀክቱን ዋጋ 3 በመቶ ይጨመርለታል። አንቀጽ 7 «አማካሪው በሪፖርቱ መነሻነት ለሚደርስ ማናቸውም ጉዳት ተጠያቂ አይሆንም» ይላል። አልፈረምንም፤ ግን «ለመንቀሳቀሻ» ብሎ ስለጠየቀን 80,000 ብር በጥሬው ሰጥተነዋል። ይህ ውል ያዋጣናል? ሥራው ቢዘገይ ወይም ጥናቱ ተሳስቶ ብንከስር መጠየቅ እንችላለን? ጥናቱ «አይሆንም» ቢልስ መክፈል አለብን? የአቅራቢውን ሰነድና ረቂቅ ውሉን አያይዣለሁ።

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ሳይፈርሙ መጠየቅዎ መልካም ነው። በመጨረሻ ካነሡት ልጀምር፤ የሌሎቹ መልስ ከእሱ ይመነጫልና።

አዎ፣ ጥናቱ «አያዋጣችሁም» ቢልም ሙሉ ክፍያውን ትከፍላላችሁ፤ መክፈልም አለባችሁ። አማካሪ የምትይዙት 40 ሚሊዮን ብር ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት እውነቱን እንዲነግራችሁ ነው፤ ከሥራውም ሁሉ በላይ የሚጠቅማችሁ ምናልባት ያ «አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በረቂቁ ላይ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ አንቀጽ 7 ሳይሆን የ3 በመቶው ክፍያ የሆነው። የ40 ሚሊዮን ብር 3 በመቶ 1,200,000 ብር ነው። ስለዚህ አማካሪው «አይሆንም» ካለ 600,000 ብር፣ «ይሆናል» ብሎ ከተከላችሁ ግን 1,800,000 ብር ያገኛል። የፕሮጀክቱ ዋጋ ባሻቀበ ቁጥር የእሱም ድርሻ ያሻቅባል። አቅራቢው የጠየቀውን ዋጋ ይመርምርልን ብላችሁ የያዛችሁት ሰው ዋጋው ሲወደድ ተጠቃሚ ይሆናል ማለት ነው። ግለሰቡ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን እንዲህ ያለ ፈተና ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ሕጉ ይህን ዓይነት ክፍያ በተለይ አይከለክልም፤ ከፈረማችሁት ይጸናባችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው። «ሳናስተውል ነው የፈረምነው» የሚል ክርክር ይዘው የሚመጡ ብዙ ናቸው፤ የሚሳካላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ስለዚህ 3 በመቶው ይሰረዝ፤ በምትኩ «ክፍያው ቁርጥ ነው፤ በጥናቱ ውጤትም ሆነ በፕሮጀክቱ መተግበር ላይ የተመሠረተ አይደለም» የሚል ይግባ። 600,000 ብር ለሥራው ያንሳል የሚል ከሆነ ቁርጡን ዋጋ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር፣ አማካሪው ከአቅራቢው ጋር የዝምድና፣ የሥራ ወይም የኮሚሽን ግንኙነት እንደሌለው በውሉ ላይ ያረጋግጥ፤ ካለም በጽሑፍ ይግለጽ። ያረጋገጠው ነገር ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ውሉ እንደሚሰረዝና የተቀበለውን ገንዘብ እንደሚመልስ አብሮ ይጻፍ። አቅራቢው ስላገናኛችሁ ብቻ ሰውየው ጥፋተኛ አይባልም። እኔ ግን ቢያንስ ከሌሎች ሁለት ባለሙያዎች ዋጋና የሥራ ዕቅድ ሳልቀበል አልወስንም።

አሁን ወደ አንቀጽ 7። ይህ ውል በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2632 ጀምሮ የተደነገገው የእውቀት ሥራ ኪራይ ውል ነው። አማካሪው በራሱ የሙያ ኃላፊነት የሚሠራ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አይመለከተውም። እንዲህ ያለ ባለሙያ ፋብሪካችሁ እንደሚያተርፍ ዋስትና አይሰጥም፤ ሕጉም ይህን አይጠብቅበትም። የሚጠበቅበት የሙያውን ደንብ አክብሮ መሥራት ነው። ቁጥር 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ሥርዓት መከተል እንዳለበትና በቸልተኝነት ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል።

ልዩነቱን ካያያዙት ሰነድ ላይ ላሳይዎ። አቅራቢው የሶላሩን የዓመት ምርት ያሰላው 300 ኪሎዋትን በቀን 8 ሰዓት፣ በ365 ቀን አባዝቶ ነው፤ 876,000 ኪሎዋት ሰዓት ወጣለት። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ላይና ቀትር ላይ እኩል እንደማትሰጥ፣ ሙቀትና አቧራም የፓነልን ምርት እንደሚቀንስ ማንም ያውቃል። በአገራችን ሁኔታ በደንብ የተተከለ አንድ ኪሎዋት ፓነል በዓመት በግምት ከ1,500 እስከ 1,800 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። በዚህ ስሌት 300 ኪሎዋቱ ከ450,000 እስከ 540,000 ይሰጣል፤ ከአቅራቢው ቁጥር ጋር በጣም ይራራቃል። እንግዲህ አማካሪው ያንን 876,000 ሳይመረምር ወደ ሪፖርቱ ከገለበጠው የሙያ ጥፋት ነው፤ ሌላ መሐንዲስ በምስክርነት ቀርቦ በቀላሉ ሊያስረዳው ይችላል። ተቀባይነት ባለው መረጃና ዘዴ አስልቶ ዓመቱ ደመናማ ስለሆነ ምርቱ ቢያንስ ግን አትከሱትም፤ ብትከሱትም አትረቱትም።

የነፋሱ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። አቅራቢው «የአዳማ ነፋስ በመንግሥት ፕሮጀክቶች የተረጋገጠ ነው» ብሎ አልፎታል። እርግጥ ነው አዳማ አንድ 51 ሜጋዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት አቅም ተተክሎላቸዋል። እነዚያ ተርባይኖች የቆሙት ግን ነፋስ በማይከለልበት ከፍታ ላይ፣ በረጃጅም ምሰሶ ነው፤ የእናንተ ግቢ በመጋዘንና በሕንፃ የተከበበ ነው። ነፋስ የሚሰጠው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በኩብ ስለሚያያዝ ፍጥነቱ በ10 በመቶ ቢቀንስ ኃይሉ በ27 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ የባለሙያዎች ልማድ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት በቦታው ላይ መለካት ነው። ረቂቁ ጥናቱ በ2 ወር ያልቃል ይላል፤ ልኬት የለበትም ማለት ነው። ወይ ልኬቱ በውሉ ይካተትና ጊዜው ይርዘም፣ ወይ ደግሞ ተርባይኑ ለጊዜው ከጥናቱ ወጥቶ ሶላሩ ብቻ ይገምገም። ገንዘቡ የእኔ ቢሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ይህን ያህል የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥፋት የሚለካው አማካሪው ለመሥራት ከተስማማው አንጻር ነው፤ ረቂቁ ደግሞ ሥራውን «የፕሮጀክቱን አዋጭነት መገምገም» በሚል አንድ መስመር ብቻ ነው የገለጸው። በዚህ መስመር ማንንም መክሰስ አይቻልም። ከውሉ ጋር ቢጋር፣ ማለትም አማካሪው የሚሠራውን በዝርዝር የሚገልጽ ሰነድ፣ ተያይዞ የውሉ አካል ይሁን። የፋብሪካው የ12 ወር የመብራት ቢልና የሥራ ፈረቃው ይመርመር፤ ወፍጮው በብዛት የሚዞረው ሌሊት ከሆነ ባትሪ የሌለው ሶላር ብዙም አይረዳችሁም። ጣሪያው ክብደቱን መሸከሙ ይረጋገጥ። ምርቱ በመካከለኛ ግምት ብቻ ሳይሆን ባለሙያዎቹ ፒ 90 በሚሉት፣ ማለትም ከዚያ በታች የመውረድ ዕድሉ 10 በመቶ ብቻ በሆነው ጥንቁቅ ግምትም ይቅረብ፤ የባንክ ብድሩ መከፈሉ በዚህ ቁጥር ይፈተሽ። የመብራት ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየጊዜው እየጨመረ ስለሆነ ስሌቱ የጸደቀውን የታሪፍ ሠንጠረዥ ይከተል። ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነም ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለው ተመን ይያዝ፤ ብሩ ቢዳከም ወጪው ምን ያህል እንደሚያድግም ይታይ።

ፈቃድን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአቅራቢው ሰነድ «የተረፈውን ለጎረቤት ፋብሪካ ትሸጣላችሁ» ይላል። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ መሸጥ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 እና በማሻሻያው መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። አማካሪው የሽያጩን ገቢ ከመደመሩ በፊት ፈቃዱ ይገኝ እንደሆነ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ያስፈልግ እንደሆነና ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ምን ዓይነት ስምምነት እንደሚጠይቅ ለይቶ ይጻፍ።

ታዲያ አንቀጽ 7 ምን ይሁን? ይውጣ። በምትኩ «አማካሪው በሙያው ተቀባይነት ያለውን ዘዴ ባለመከተሉ ወይም የተሰጠውን መረጃ ባለማጣራቱ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂ ነው» ይባል። የኃላፊነቱ ጣሪያ እስከ ክፍያዬ እጥፍ ይሁንልኝ ቢል መደራደር ይቻላል፤ ያለ ጣሪያ የሚፈርም ጥንቁቅ ባለሙያ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። የሙያ ኃላፊነት መድን ካለው ደግሞ የፖሊሲውን ቅጂ ጠይቁ፤ ከሰውየው ኪስ ይልቅ መድን የሚከፍለው ካሣ ለእናንተ አስተማማኝ ነው።

የመዘግየቱን ነገር ክፍያው ራሱ ይፈታዋል። ግማሽ ቅድሚያ ብዙ ነው። 20 በመቶ ሲጀምር፣ 40 በመቶ ረቂቅ ሪፖርቱን ሲያስረክብ፣ 30 በመቶ ለሸሪኮቹ አቅርቦ ለጥያቄያችሁ በጽሑፍ ሲመልስ፣ የቀረውን 10 በመቶ ባንኩ ለሚያነሣው ጥያቄ ከመለሰ በኋላ ክፈሉ። ከዚህ የበለጠ ቅድሚያ የግድ ከሆነ የባንክ ወይም የመድን የቅድመ ክፍያ ዋስትና ያቅርብ። የማስረከቢያ ቀኖቹ በቀን፣ በወርና በዓመት ይጻፉ፤ በቁጥር 1889 መሠረትም ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ቀን የሚታሰብ መቀጫ ይወሰን። መቀጫ ከሌለ መዘግየቱ ያደረሰባችሁን ጉዳት በብር አስልታችሁ ማስረዳት ይጠበቅባችኋል፤ ይህም ብዙ ያደክማል።

ቀኑ ካለፈ በስልክ መጨቃጨቁን ትታችሁ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጡት፤ ቁጥር 1772 በመርህ ደረጃ ይህን ይጠይቃል። በማስጠንቀቂያው ላይ አንድ የመጨረሻ ቀን ቁረጡ፣ ከዚያ በኋላ ሥራውን እንደማትቀበሉ ግለጹ፣ የደረሰው መሆኑንም አስፈርሙ። ከዚያ ወዲያ መሰረዙም ሆነ በቁጥር 1790 መሠረት ካሣ መጠየቁ ጥሩ መሠረት ይኖረዋል። በእናንተም በኩል ቢሉንና የጣሪያውን ፕላን በጊዜው አስረክባችሁ ፊርማ ተቀበሉ። አዘገያችሁ የሚባሉት እናንተ ከሆናችሁ መቀጫውም ካሣውም ይቀራል።

ሪፖርቱን በፒዲኤፍ ብቻ አትቀበሉ። የስሌቱ ኤክሴል ፋይልና ጥሬ መረጃው የፋብሪካው ንብረት መሆኑ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያጣራው ስትፈልጉ የሚያየው ነገር አይኖርም። ሥራውን በግሉ የሚመራው መሐንዲስ በስም ይጠቀስ፤ ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ በሌላ አይተካ። የታደሰ የንግድ ፈቃድ፣ የብቃት ማረጋገጫና ቲን ሳያቀርብ ብር አይውጣ። ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ያካትት አያካትት ይለይ፤ ተቀናሽ ግብሩንም የሒሳብ ሠራተኛችሁ ቀንሶ ደረሰኙን ይስጠው።

የዚህ ዓይነት ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለም፤ ለማስረጃ ሲባል ግን በጽሑፍ ይሁን፣ በሁለት ምስክርም ይፈረም። ክርክር ቢነሣ አዳማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የውሉን ትርጉም ከወዲሁ አዘጋጅታችሁ የትኛው ቅጂ እንደሚገዛ ጻፉበት። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆን እንኳ ሸሪኮቹ ሁሉ አንብበው የሚረዱት የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ማጠቃለያ ይኑረው። በግልግል ዳኝነት እንጨርስ ካላችሁ አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ይፈቅዳል፤ ለ600,000 ብር ውል ግን የገላጋይ ዳኞቹን ወጪ አስቀድማችሁ አስሉ።

የቀረው የ80,000 ብሩ ጉዳይ ነው። ዛሬ እሱ የፈረመበት ማስረጃ የላችሁም፤ ነገ ሰውየው «የትራንስፖርት ነው፣ ከክፍያዬ ውጭ ነው» ቢል መልስ ያጥራችኋል። ስለዚህ ከሌላው ድርድር በፊት ይህን አስፈርሙት፦ «ከፋብሪካው 80,000 (ሰማንያ ሺህ) ብር የተቀበልኩ ሲሆን፣ ውሉ ከተፈረመ ከመጀመሪያው ክፍያ ላይ የሚታሰብ፣ እስከ 15 ቀን ካልተፈረመ ግን የምመልሰው ነው።» ቀን ይጻፍበት፣ ገንዘቡ ሲሰጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች ይፈርሙበት። ይህን ለመፈረም ካንገራገረ ሌላ አማካሪ ፈልጉ፤ ለብሩ ደግሞ ሲሰጠው ያዩትን ምስክሮችና የተጻጻፋችሁትን የስልክ መልእክት ይዛችሁ ወደ እኔም ሆነ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጠበቃ ኑ።