ካዝናው ስለወጣ መሣሪያው ባዶ ነው አትበሉ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን የምጽፈው ፈቃድ አውጥታችሁ የመጀመሪያ መሣሪያችሁን ልትይዙ ለተዘጋጃችሁት ነው። ጥይት ባርቆ ሰው ሲጎዳ ደጋግሞ የሚሰማው ‹ባዶ መስሎኝ› የሚል ቃል ነው። ስለዚህ ዒላማ ከመምታት በፊት ጥይት ማውጣትን ልመዱ።

አፈሙዙን፣ ጥይት ቢወጣ እንኳ ማንንም ወደማይነካበት አቅጣጫ አዙሩ። ጣታችሁ ቃታው ላይ ሳይሆን በመሣሪያው ጎን ላይ ይዘርጋ። ከዚያ መጀመሪያ ካዝናውን፣ ማለትም ጥይት የሚሞላበትን ሣጥን፣ አውጡ። ቀጥሎ ማቀባበያውን፣ ማለትም ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን ክፍል፣ እስከ መጨረሻው ስባችሁ የጎረሰውን ጥይት አስወጡ። እንደተከፈተ ይዛችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ በዓይናችሁ እዩ፤ ጨለማ ከሆነ በትንሿ ጣታችሁ ዳስሱ።

ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው፣ ማለትም መጀመሪያ አቀባብሎ ኋላ ካዝናውን ያወጣ፣ አንድ ጥይት ሲወድቅ አይቶ ልቡ ይረጋጋል። ማቀባበያው ወደ ፊት ሲመለስ ግን ከካዝናው ሌላ ጥይት አጉርሷል። ካዝናው በእጁ፣ የወደቀው ጥይት በእግሩ ሥር፣ መሣሪያው ግን ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ካዝና ሲወጣ ቃታቸው የማይሠራ ሽጉጦች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን እንዲህ አልተሠሩም፤ አትመኩበት። ቃታ ስቦ ‹ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ› የሚባለውንም ልማድ ከማንም አትውረሱ።

ክላሽ የራሱ ጠባይ አለው። በቀኝ ጎኑ ያለው፣ ተኩስ የሚያግደው መቆለፊያ ወደ ላይ ሲሆን ማቀባበያው እስከ መጨረሻው አይሳብም፤ ስለዚህ ካዝናውን ካወጣችሁ በኋላ መቆለፊያውን ማውረድ ግድ ይላል። የጎረሰ ጥይት ካለ በዚያች ቅጽበት መተኮስ ይችላል፤ አፈሙዛችሁንና ጣታችሁን ይበልጥ ጠብቁ። ተከታታይ በሚተኩሰው ክላሽ ላይ ደግሞ መቆለፊያው ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው ተከታታዩ ላይ ነው፤ ነጠላው ከሥር ነው። ጥይት ሲያልቅም ተከፍቶ አይቆምም፤ በእጃችሁ ስባችሁ ካላያችሁ ውስጡን አታውቁም።

‹ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል› ይባላል። ባልንጀራችሁ ዓይናችሁ እያየ አራግፎ ቢሰጣችሁም ራሳችሁ ድገሙት። በዚህ የሚቀየም ሰው ካለ ይቀየም።

ተኩስ ስትለማመዱ ቃታ ስባችሁ ካልተኮሰ ወዲያው አትክፈቱት። ዘግይቶ የሚፈነዳ ጥይት ስላለ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ከዚህ የሚብሰው ድምፁ ከወትሮው የደከመ፣ ግፊቱም የላላ ተኩስ ነው። አረሩ በርሜል ውስጥ ተሰክቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ከተከተለው በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል። አቁሙ፣ አራግፉ፣ በርሜሉ ክፍት መሆኑን አረጋግጡ። መሣሪያ ከእጃችሁ ካመለጠ ይውደቅ፤ በአየር ላይ ለመያዝ ስትሻሙ ጣታችሁ ቃታውን ያገኘዋል። ጆሮ መከላከያም አትናቁ፤ የተኩስ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፤ በዚህ የተጎዳ ጆሮ ላይድን ይችላል።

ከዒላማው ጀርባ ያለውን ሳታውቁ አትተኩሱ። ለልምምድ የምታገለግለው ባለ 5.6 ሚሊ ሜትር ጥይት እንኳ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች። ለደስታ ወደ ሰማይ የተተኮሰም ተመልሶ ሰው ይገድላል።

ቤት ውስጥ መሣሪያው ተራግፎ ይቆለፍበት፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ ይቆለፍ። ቁልፉን ልጆች የማያውቁት ስፍራ አስቀመጥሁ የሚል ወላጅ ልጆቹን አያውቅም፤ ቁልፉ ከእናንተ አይለይ። ከቤተሰቡ አንዱ ኑሮ ካስመረረው፣ መሞትን ካነሳ፣ ሳታመነቱ መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ከቤት አርቁ። የመሣሪያው ባለቤት ራሱ እንዲህ ቢሆንም ያው ነው። መጠጥ ከቀመሳችሁ ደግሞ ለማጽዳት እንኳ አትንኩት።

የፈቃድ ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፤ የአገራችሁን አንብቡ። በተለይ ማዋስን፣ መሸጥንና ማውረስን የሚመለከተውን ክፍል ልብ በሉ፤ ብዙ ቅን ሰው የሚጠየቀው ለወዳጁ አውሶ ነውና። የእድሳቱን ቀን መዝግቡ። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር ከፈቃዱ ጋር ራሳችሁ አስተያዩ፤ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ከመረከባችሁ በፊት አስተካክሉ። ቁጥሩን ከመሣሪያው ተለይቶ በሚቀመጥ ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ በዚያው ቀን ለፖሊስ የምታስመዘግቡት እሱን ነው።